ቀባሪ የማያሳጣ ማኅበር

ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፥ ከእንጦጦ ጋራ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይለዝብ፥ የባሕር ዛፉም ጢስ ከየጓዳው መውጣት ሳይጀምር፥ በአዲስ አበባ በየካ ወገን፥ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም በጉራራ ወይም በኮተቤ ዳገት ካሉት መንደሮች በአንዱ የጡሩምባ ድምፅ የሰማ ሰው፥ ምን ይሆን ብሎ አይጠይቅም፤ ማን ይሆን ብሎ ይጨነቃል እንጂ። ጡሩምባ ነፊው ነፍቶ ጥቂት ይራመዳል፥ ከመንገድ ማጠፊያው ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ ያደርግና የሟቹን ስም፥ የቤቱን አቅጣጫ፥ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓት ይለፍፋል፤ በየአልጋው ያለውም እድርተኛ ነፍስ ይማር ብሎ ሲያበቃ፥ ለዚያ ቀን ያሰበውን ሥራ ሁሉ በልቡናው ያፈርሳል።

ይህ ድምፅ የእድር ድምፅ ነው። እድር በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፥ ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ወይም ዘመድ ሲሞትበት ቀብሩን ለማስፈጸምና ሐዘንተኛውን ለማጽናናት በመተዳደሪያ ደንብ የተሳሰሩበት ማኅበር ነው። ትርጓሜው በዚህ ቢያልቅ ግን እድርን ከመድን ድርጅት የሚለየው ነገር ባልኖረ ነበር፤ የእድር ዋናው መዋጮ ብር ሳይሆን ሰውነት፥ ይኸውም ትከሻ፥ እግር፥ ጉልበትና የሦስት ቀን ጊዜ ነው።

ይህን የሰውነት መዋጮ ገንዘብ የተካበት አገር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የርስ በርስ ጦርነት፥ የወደቁትን ወታደሮች አስክሬን ሳይፈርስ ሩቅ ወዳለው ቤተ ሰባቸው ለማድረስ ሲባል በመድኃኒት የማቆየት ጥበብ ከተስፋፋ ወዲህ፥ ሙትን ማጠብ፥ መገነዝና መሸኘት ቀስ በቀስ ከቤተ ሰብ እጅ ወጥቶ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ በዚያው አገር አንዳንድ ቤተ ሰቦች፥ ነጋዴ ሳይገባበት ሙታቸውን ከገዛ ቤታቸው እንዴት እንደሚሸኙ እንደ ገና በመማር ላይ ናቸው። የየካ ሰው ይህን ቢሰማ ለቀባሪው አረዱት ማለቱ አይቀርም።

በእኛ አገር ሥርዓተ ቀብር የሚጀምረው ከቤት ነው። ሕመምተኛው በሆስፒታል ቢያርፍ እንኳ፥ ቤተ ሰቡ አስክሬኑን ተቀብሎ ወደ ቤት ማምጣቱን ይመርጣል፤ ከቤቱ ሳይወጣ የተቀበረ ሰው እንዳልተሸኘ ይቆጠራልና። በዚያች የመጀመሪያ ሰዓት ልቅሶው ገና ሳይፈነዳ፥ ልባቸው የጸና ዘመዶችና ጎረቤቶች የሟቹን ዓይን ይከድናሉ፥ አገጩን በጨርቅ ይደግፋሉ፥ እጅና እግሩን አቃንተው አውራ ጣቶቹን በፈትል ያስራሉ፤ ለወንድ ወንዶች፥ ለሴት ሴቶች ገላውን አጥበው በነጭ አቡጀዲ ይገንዙታል፤ የነፍስ አባትም ተጠርተው ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ሰሌን ይጠቀለል የነበረው በቀድሞው ዘመን ነው፤ ዛሬ በከተማው ውስጥ የሬሳ ሳጥን የሰሌኑን ቦታ ወስዶታል፤ ከቀብሩ ሥራ መካከልም በእርግጥ የሚገዛው ይኸው ሳጥኑ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ቀኑ ከመሸ አስክሬኑ ቤት ያድራል፤ በአጠገቡ ሻማ እየበራ መዝሙረ ዳዊት ይደገማል፥ ጎረቤትም ተራ እየገባ አብሮ ያነጋል።

ሌላው የዚያች ሌሊት ሥራ መርዶ ነው። እናት የልጇን ሞት፥ ልጅም የአባቱን ሞት ከስልክ እንዳይሰማ መጠንቀቅ የጨዋ ሰፈር ግዴታ ስለ ሆነ፥ ሽማግሌዎች ከነጋ ሰው ሳይቀድማቸው በማለዳ ተነሥተው ከሐዘንተኛው ደጅ ይደርሳሉ፤ እትዬ እገሊትም በሩን ከፍታ ጋሼ እገሌንና ሁለት ሦስት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች በዚያ ሰዓት ቆመው ስታይ፥ አንድ ቃል ሳይናገሩ ነገሩ ይገባታል። የእጅ ስልክ ይህን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ከንቱ እያደረገው መሆኑን ሳልመሰክር ማለፍ አልችልም።

የእድርን ጥንት የመረመሩ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ አመጣጡን ከአዲስ አበባ ከተማነት ጋር ያገናኙታል። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ከተቈረቈረች በኋላ፥ ከየአውራጃው ለሥራ የመጣው ሕዝብ፥ በተለይም ከጉራጌ አገር የመጣው፥ አጥንቱን የሚያውቅ ዘመድ በሌለበት ስፍራ የመሞት ሥጋት ስለ ነበረበት፥ ቀባሪውን አስቀድሞ በማኅበር ማዘጋጀት ነበረበት። በገጠሩ ሰንበቴና የጻድቃን ማኅበር፥ በወሎም ቅሬ የሚባለው የቀብር ኅብረት ቀድሞውኑ ስላለ፥ እድር ከባዶ የተፈጠረ ነው አልልም፤ ይሁን እንጂ ከዝምድናና ከሃይማኖት ይልቅ ጉርብትናን መሠረት አድርጎ፥ በጽሑፍ ደንብና በመዝገብ መቆሙ የከተማ ፍጥረት መሆኑን ያስረዳል። በኢጣልያ ወረራ ዓመታትና ከዚያ በኋላ እየበዛ ሄደ፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሶ ቀበሌ ሲቋቋም ከቀብር ሌላ የነበረው ተግባሩ ቢቀነስበትም፥ የቀብሩ ሥራ ግን አልተነካበትም።

አንድ እድር ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥ፥ ንብረት ክፍልና ጡሩምባ ነፊ አለው። ዳኛው የሚመረጠው በሀብቱ ሳይሆን ፊት ሳያይ በመቅጣቱ ነው፤ በእድር ደንብ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ስለ ቅጣት የሚናገረው አንቀጽ ነውና። ወርኀዊውን መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል፤ ድንኳን ለመትከል ተራው ደርሶ የቀረ ይቀጣል፤ በቀብር ያልተገኘ ይቀጣል፤ ቅጣቱን እየናቀ የሚመላለስም በመጨረሻ ከመዝገብ ይሰረዛል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ለሐዘን የቆመ ማኅበር ስለ ምን እንዲህ ይጨክናል ሊል ይችላል፤ እኔ ግን የእድር ኃይል ያለው በዚሁ ጭካኔ ይመስለኛል። ሰውን ወደ ወዳጁ ቀብር የሚያደርሰው ፍቅር ነው፤ ወደ ማይወደው ጎረቤቱ፥ በአጥር ተካስሶ ሰላምታ ወደ ነሣው ሰው ቀብር የሚያደርሰው ግን ስም ጥሪው ነው። በደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደጎች በደግ፥ ክፉዎችም ያለ ሰው በተቀበሩ ነበር።

የእድሩ ዕቃ ቤት፥ አብዛኛውን ጊዜ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል፥ ብትከፈት ድንኳኑ ከነምሰሶው፥ አግዳሚ ወንበሮቹ፥ ብረት ድስቶቹ፥ በመቶ የሚቆጠሩት ሳህኖችና ብርጭቆዎች፥ ማንቆርቆሪያዎቹ፥ ከግድግዳው ጥግም ቃሬዛው ይታያሉ። በአንዳንዱ እድር የብረት ቱቦ ሳይተካው በፊት ምሰሶውም ቃሬዛውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ነበር። ወንዶቹ ድንኳኑን በመንገዱ ላይ ሲተክሉ መኪና የሚያልፍበት አይተርፍም፤ ሾፌሩም ድንኳኑን ሲያይ ክላክስ ሳይነፋ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚህች ከተማ ሾፌር ክላክስ ከመንፋት የሚቆጠብበት ሌላ ምክንያት መኖሩን አላውቅም።

የሴቶቹ እድር ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው፥ ሥራውም ከወንዶቹ ይከብዳል። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም ስለሚባል፥ እንጀራው ከየቤቱ በየሞሰቡ ይመጣል፥ ወጡ በድንኳኑ ጓሮ በጉልቻ ላይ ይሠራል፥ ውኃ በጀሪካን ይቀዳል፥ ንፍሮው ሌሊቱን ሲንፈቀፈቅ ያድራል። ወንዶቹ ለቀስተኛውን እየተቀበሉ ሲቀመጡ ሴቶቹ አይቀመጡም፤ የእድርን ነገር የጻፉ ወንዶች ግን ዳኛውንና መዝገቡን አጉልተው፥ ጓሮውን ሳያዩ ያልፋሉ።

ከቀትር በኋላ አስክሬኑ ሲወጣ ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ይተላለፋል። መኪና የማይገባባቸው የእንጦጦ ግርጌ መንደሮች ጥቂት ስላይደሉ፥ በክረምት ጭቃ ዳገት ለሚወጣ ቀብር የሚበረታ ጎረምሳ ማግኘት ከገንዘብ ይበልጣል። ካህናቱ በመስቀልና በጽንሐሕ ቀድመው፥ በየመንገዱ እየቆሙ የመጽሐፈ ግንዘቱን ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጸሎተ ፍትሐቱም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይፈጸማል። በየካ ደብረ ሣህል ቅዱስ ሚካኤል፥ ከበላዩ ባለው ጋራ ጥንታዊው የዋሻ ሚካኤል ፍልፍል በሚገኝበት ደብር፥ እንደ ሌሎቹም አድባራት፥ ለመቀበር የሰበካ ጉባኤ አባልነት ወረቀት ይጠየቃል፤ ይህ ወረቀት በ1965 ዓ.ም. ከወጣው ቃለ ዓዋዲ የመነጨ ሲሆን፥ ሕያዋን ሳሉ ንቀውት ሙተው የሚፈልጉት ብዙዎች ናቸው። ምድሩ ስለ ጠበበም በአንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ወጥቶ በግድግዳ መልክ የሚሠራው ፉካ የሚባለው መቃብር እየተለመደ መጥቷል።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ፥ የልቅሶው ድምፅ ገና ሳይከስም፥ ጸሐፊው ከአንድ ዛፍ ሥር መዝገቡን ከፍቶ ስም መጥራት ይጀምራል። በዚያች ደቂቃ አቤት ያላለ ሰው፥ የትም ቢሆን፥ የለም። ከዚያ ሁሉም ወደ ድንኳኑ ተመልሶ እጁን ይታጠባል፥ ንፍሮ ይቀምሳል፥ እግዜር ያጥናችሁ ይላል። እስከ ሠልስት ድረስ ማታ ማታ የሚያመሹ ወንዶች ካርታ መጫወታቸውን የሚነቅፉ አሉ፤ ሐዘንተኛው ግን ከዚያ ድንኳን የሚሰማው ጫጫታ በዝምታ ከተመላ ቤት እንደሚሻለው ያውቃል።

እድርተኞቹ ክርስቲያንና እስላም የተደባለቁባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ለሙስሊሙ ጀናዛ ሳጥን አያስፈልግም፤ ከፈኑ ተለብሶ፥ ሶላቱ ተሰግዶ በዚያው ቀን ወደ መቃብር ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ክርስቲያን ቃሬዛውን ከደጃፍ ያነሣል፥ ድንኳኑ ያው አንዱ ድንኳን ነው፥ ሥጋ ካለ ግን ድስቱ ይለያያል።

ሞት ከበዛ ደንብም ይፈተናል። የኤችአይቪ በሽታ ወጣቱን ባጨደባቸው በ1990ዎቹ ዓመታት የብዙ እድሮች ካዝና ተራቈተ፤ ከመካከላቸው ለሬሳ ብቻ ሳይሆን ለበሽተኛና ለሙት ልጅም መድረስ ይገባል ብለው ደንባቸውን ያሻሻሉ ተነሡ። በዚያው ዘመን፥ በ1993 ዓ.ም.፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማውን ሟች ቍጥር ከየመቃብሩ መመዝገብ የጀመሩት፥ ሌላ የተሟላ የሞት መዝገብ ስላልነበረ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ምክንያት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሰው መሰብሰብ ሲገደብ፥ እድር ከተቋቋመ ጀምሮ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ሰው በመምጣቱ የሚቀጣበት ቀን መጣ።

ከበሽታው ይልቅ የሚያሠጋው የሰፈር መፍረስ ይመስለኛል። እድር ከጉርብትና ተለይቶ አይቆምም፤ ጎረቤቶቹ አንዱ ወደ አያት፥ አንዱ ወደ ሌላ ዳርቻ ሲበተኑ፥ አዛውንቶቹ መዋጯቸውን በየወሩ በታክሲ ተጉዘው ወደ ቀድሞው ሰፈር ሲያደርሱ ይታያሉ፤ ሲሞቱ የሚሸከማቸው በአዲሱ ሰፈር ገና አልተገኘምና። በኮንዶሚኒየሞቹ አዳዲስ እድሮች ተቋቁመዋል፤ ከአራተኛ ፎቅ በጠባብ ደረጃ ሳጥን ማውረድ ግን የጥንቱ ደንብ ያላሰበው ዳገት ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩትም ወገኖቻችን እድር አላቸው፤ አስክሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚጠየቀው ገንዘብ ለአንድ ቤተ ሰብ ከባድ ነውና።

በሠልስቱ ማግስት ድንኳኑ ይነቀላል። የንብረት ክፍሉ ሹም በዕቃ ቤቷ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፥ ሴቶቹ አጥበው ያመጡትን ሳህንና ብርጭቆ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ሁለት ብርጭቆ ጐድሏል። ሐዘንተኛው ይከፍላል ተብሎ ይጻፋል።