ሰዓት ሲቀጥን

በኦሃዮ፣ በብሌንደን ታውንሺፕና በአጎራባቾቿ ከሚኖረው ሐበሻ መካከል፣ ኮሎምበስ በአንድ ወቅት የኪስ ሰዓት ይመረትባት እንደነበር የሚያውቅ ብዙ አይመስለኝም። ዛሬ በእጅ የሚሞሉ እጅግ ቀጫጭን ሰዓቶችን ሲያይ ለሚደነቅ ሰው ግን ይህች ከተማ ጥሩ መነሻ ናት።

ከጀርመን የመጣው ሰዓት ሠሪ ዲትሪሽ ግሩን እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘው ለአንዲት ትንሽ የሰዓት ክፍል ነው። የሰዓት ሞላ ድንገት ሲበጠስ ታምቆ የቆየው ጉልበት ወደ ኋላ ይፈናጠርና የጎማዎቹን ጥርስ ያረግፋል። ግሩን ያሻሻላት ጥርሳም ዘንግ ግን የታሰረችው በብሎን ጥርስ ነው፤ ሞላው ሲበጠስ በተቃራኒው ዞራ ትፈታለች፣ ሌላው ክፍል ይተርፋል። እሱ ያቋቋመው የኮሎምበስ ሰዓት ኩባንያ ከ1882 ጀምሮ የሰዓቱን ማሽን ራሱ ማምረት ያዘ። ከ1893ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግሩን ከኩባንያው ወጥቶ ከልጁ ከፍሬድ ጋር ሌላ ድርጅት ከፈተ። የእነሱ ድርጅት ነው በ1904 «ቬሪቲን» የተባለውን ቀጭን የኪስ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው።

ሰዓትን ማቅጠን ለምን ያስቸግራል? ስንሞላው የሚጠቀለለው ሞላ ለመዘርጋት ይታገላል። ጉልበቱ ከጎማ ወደ ጎማ እየተላለፈ፣ በስስ ጥቅል ሽቦ ታግዛ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው መዘውር ዘንድ ይደርሳል። በብዙዎቹ የቆዩ ሰዓቶች ይህች መዘውር በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ትመታለች። ጎማዎቹ እንደ ፎቅ ቤት ተደራርበው ስለሚቀመጡ ውፍረቱን የሚወስነው የፎቁ ብዛት ነው። የቬሪቲን ዘዴም የጎማዎቹን አደራደር ገልብጦ ፎቁን መቀነስ ነበር።

ከዚያ በላይ ለመቀነስ ግን እያንዳንዱ ክፍል ራሱ መሳሳት አለበት፤ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። የሞላው ጥብጣብ ቁመት በግማሽ ሲያጥር ጉልበቱም በግማሽ ይወርዳል። ጥብጣቡን ማወፈር ጉልበቱን ይመልሳል፤ ነገር ግን በዚያው የሞላው ቤት ውስጥ የሚጠቀለለው ዙር ያንሳል፣ ሰዓቱም ቶሎ ይቆማል። ሁለተኛው ችግር የጎማው ዘንግ ነው። ዘንጉ እንዲዞር ጫፎቹ በገቡባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ጥቂት ክፍተት ያስፈልጋል። ክፍተቱ ሳይለወጥ ዘንጉ በግማሽ ሲያጥር ጎማው የሚያዘነብልበት መጠን እጥፍ ይሆናል። ያዘነበለ ጎማ ደግሞ ከላይ ወይም ከታች ያለውን ጎረቤቱን ይነካል። በወፍራም ሰዓት ውስጥ ምንም የማያደርግ ብናኝ ወይም የዘይት ጠብታ እዚህ ማሽኑን ያቆማል።

የስዊዝ ሰዓት ሠሪዎች ይህን ሁሉ እያወቁ ገፉበት። በ1957 ፒያጄ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ በእጅ የሚሞላ «9ፒ» የተባለ ማሽን አወጣ። በ1976 ዣን ላሳል ውፍረቱን ወደ 1.2 ሚሊሜትር አወረደው፤ ጎማዎቹን ከላይ የሚይዘውን ድልድይ አስወግዶ በአንድ ወገን ብቻ በኩሽኔታ አቆማቸው። ክብረ ወሰኑን ያዘ፤ ማሽኑ ግን በቀላሉ የሚጎዳና ለጠጋኝ የሚያስቸግር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መሐንዲሶች ማሽኑን ብቻውን ማሳሳቱን ትተው ከሰዓቱ አካል ጋር አዋሐዱት። ፒያጄ በ2018 ባሳየው ሰዓት የጀርባው ክዳን ራሱ ጎማዎቹ የሚተከሉበት ወለል ነው፤ ስለዚህ መስታወቱን ጨምሮ ሙሉው ሰዓት 2 ሚሊሜትር ሆነ። በ2024 የሩሲያው ኮንስታንቲን ቻይኪን 1.65 ሚሊሜትር አድርሶታል።

እንዲህ ያለ ሰዓት ቀጥኖም መሥራቱ ያስደንቃል፤ ስህተትን የሚችልበት ትርፍ ቦታ ግን የለውም። ቀጭን ሰዓት በእጁ የገባ ሰው በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ ቀስ ብሎ ይሙላው፤ መሙያው እምቢ ሲል እዚያው ላይ ይተወው። ከውኃና ከግጭት ያርቀው፤ ለጥገናም ቀጭን ማሽን ፈትቶ ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይስጠው።