ለባዮቴክ ጀማሪ ከሽልማቱ በፊት ላብራቶሪ

ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ ሳይርቅ ያለውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በኮሮና ጊዜ መግለጫዎቹ ነው። ግቢው ግን የቆየ ነው። በንጉሡ ዘመን ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ስለነበር ሰፈሩን ዛሬም «ፓስተር» የሚለው ብዙ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከበግ አንጎል እየተዘጋጀ ለረጅም ዓመታት ለአገሩ የተዳረሰው በዚሁ ተቋም ነው። ሕይወት ካለው ነገር ጠቃሚ ምርት ማውጣት ባዮቴክኖሎጂ ከተባለ፣ ጉለሌ ሥራውን የጀመረችው ስሙ ሳይለመድ በፊት ነው።

ታዲያ ከዚያው አካባቢ በባዮሎጂ የተመረቀ ልጅ ድርጅት ልክፈት ቢል መንግሥት ምን ያግዘዋል?

እገዛው ኢንኩቤሽን ይባላል። ጀማሪውን ድርጅት ራሱን እስኪችል አቅፎ ማቆየት ነው፤ የመሥሪያ ቦታ፣ የሒሳብና የሕግ ምክር፣ ሥልጠና፣ ገንዘብ ካለው ጋር ማገናኘት። ሜንተር የሚባለው ደግሞ መንገዱን ቀድሞ የሄደና ጀማሪውን ከጎኑ ሆኖ የሚመክር ሰው ነው። በእኛ አገር የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ያሠለጥናል፤ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል «ብሩህ» የተባለው የሐሳብ ውድድር አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ «ስታርታፕ ኢትዮጵያ» በሳይንስ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርዕይ ሆኖ ታይቷል። ይህ ሁሉ የስልክ መተግበሪያ ለሚሠራ ልጅ ይበቃው ይሆናል። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለው ምርቱን በጥቂት ሳምንታት ሰው እጅ ማስገባት ይችላል።

ባዮቴክ እንዲህ አይደለም። የባቄላ ተክል ከነሥሩ የነቀለ ሰው ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ያያል። ውስጣቸው ያለው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክሉ ይመግባል። ይህንን ባክቴሪያ አራብቶ በከረጢት ለገበሬ መሸጥ ይቻላል፤ መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የግል ድርጅት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ገበሬው ዘሩን በስኳር ውኃ ያርሳል፣ ባክቴሪያው ያለበትን ዱቄት ጥላ ሥር ሆኖ ይለውሳል፣ ወዲያው ይዘራል፤ ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። ሲያዩት ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ንጹሕ ዘረ ባክቴሪያ፣ ዕቃውን በእንፋሎት የሚቀቅል አውቶክሌቭ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለ የሚቆጥር ባለሙያና ቀዝቃዛ ማከማቻ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ባዕድ ሻጋታ ከገባ የተዘጋጀው ሁሉ ይደፋል። ሥራው መያዙ የሚታወቀው ደግሞ መኸር ሲገባ ነው። የስድስት ወር የኢንኩቤሽን ፕሮግራም በጥቅምት ቢጀመር የሚያልቀው ገና ዘር ሳይዘራ ነው።

በዚህ ላይ ኬሚካሉና የመመርመሪያ ኪቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተሰጠ ሽልማት ምን ያህል ዕቃ እንደሚገዛ መገመት አያስቸግርም።

ከዚያ ደግሞ ቢሮው አለ። ምርቱ መድኃኒት ወይም የምርመራ ኪት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ያልፋል። ከአገር በቀል ዕፅ የተነሣ ምርምር ከሆነ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ይመለከተዋል። ዘረ መሉ የተለወጠ ነገር ካለበት የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ይመጣል። አዲስ የዕፅዋት ወይም የእንስሳት ዝርያ ይዞ ፓተንት የሚጠይቅም አያገኝም፤ የ1987ቱ የፈጠራ አዋጅ ይህንን አይፈቅድም። ስለዚህ ለባዮቴክ ጀማሪ ደህና ሜንተር ማለት ስለ «ቢዝነስ ሞዴል» ስላይድ የሚያሳይ ሳይሆን ፋይል የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ነው።

መደገፊያ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የእንዶድ ታሪክ ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ ርካሽ መከላከያ ሊሆን ይችል ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚቀበሉት የመርዛማነት ምርመራ ተፈለገ፤ ያንን የሚሠራ ላብራቶሪ አገር ውስጥ አልነበረም፤ ነገሩ ሃያ ዓመት ያህል ተጓተተ። ሰውዬው ከባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተሸለሙ። እንዶድ በሰሜን አሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንደሚገድል ሲታወቅ ግን ፓተንቱ የተመዘገበው በኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ዛሬ በስም ባለቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመውና ኋላ ባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ምርምርን ወደ ምርት ማሸጋገር ሥራው ነው። ሕንድን ብናይ፣ መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2012 ባይራክ የተባለ ድርጅት ለዚሁ ብቻ አቋቁሟል። ሐሳብ ላለው ሰው በ18 ወር ውስጥ የሚሠራበት እስከ 5 ሚሊዮን ሩፒ ይሰጣል፤ ጀማሪዎች እየተጋሩ የሚሠሩባቸውን ላብራቶሪዎችም በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ውስጥ ያስከፍታል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ሁለተኛው ነው። እኛ ዘንድ ደህና ላብራቶሪ ያለው በአብዛኛው መንግሥት ነው፤ በሌላ ነገር የግሉ ዘርፍ ይተካው ይሆናል፣ በዚህ ግን አይተካውም።

እርግጥ የወረርሽኝ ናሙና የሚመረመርበትን ክፍል ለማንም ክፈቱ ማለት አይቻልም። ለብቻው የተለየ፣ በሰዓት የሚከራይ ክፍል፣ አንድ አውቶክሌቭ፣ አንድ ፒሲአር ማሽንና ቋሚ ቴክኒሻን በፓስተር አካባቢ ማኖር ግን የማይታሰብ አይደለም። ከዕፅ ለሚነሣ ምርምርም 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በዚያው ክፍለ ከተማ አለ።

እስከዚያው ወደ ኢንኩቤሽን የሚገባ ጀማሪ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ላብራቶሪ አገኛለሁ? የኬሚካሉን ወጪ የሚችለው ማነው? ግኝቱ ፓተንት ቢያገኝ በማን ስም ይመዘገባል? ሦስተኛውን በጽሑፍ ይቀበል፤ በተለይ ሥራው በዩኒቨርሲቲ ዕቃ የተጀመረ ከሆነ።