በተማሪ የተፈተነ የሶፍትዌር አሠራር ለባለሙያውም ይሠራል?

በምርምር ማዕከል ማሳ ላይ ጥሩ ምርት የሰጠ የበርበሬ ዝርያ በማረቆ አርሶ አደር ማሳ ላይ ያንኑ ላይሰጥ ይችላል። በሶፍትዌር ምርምርም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል።

ተመራማሪዎች አንድ የስህተት ፍለጋ ዘዴ ከሌላው መብለጡን ለማወቅ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ያሠራሉ፤ የተገኘውን ስህተትና የፈጀውን ጊዜም ያወዳድራሉ። ተሳታፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ባለሙያን ከሥራው ማስተጓጎል ወጪ አለው፤ ተማሪው ግን በመምህሩ እጅ ላይ ነው።

ቪክተር ባሲሊና ሪቻርድ ሴልቢ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት 42 ተማሪዎችንና 32 ባለሙያዎችን ያሳተፈ ነበር። ባለሙያዎቹ ፕሮግራሙን እያሠሩ ከመፈተሽ ይልቅ የተጻፈውን ኮድ በማንበብ ብዙ ስህተት አገኙ። ከተማሪ ቡድኖቹ በአንዱ ግን በዘዴዎቹ መካከል ልዩነት አልታየም። ጥናቱ በዚያ ቡድን ብቻ ቢወሰን ኖሮ፣ የንባብ ብልጫ ተሰውሮ በቀረ ነበር።

ይህ ሲባል ተማሪን ማሳተፍ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ተማሪዎችና ባለሙያዎች ለሁለቱም አዲስ የሆነ አሠራር ሲሰጣቸው የጻፉት ኮድ ጥራት ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው ልምድ ስለሆነ፣ ልምድ በማይጠይቅ ቦታ የተማሪው ውጤት ይታመናል።

በጥናት ላይ ማን ይወክላል የሚለው ጥያቄ ለቡታጅራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ የነዋሪውን ልደትና ሞት ለዓመታት መዝግቧል። በቅርብ የተገኘውን ሰው ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ የገጠሩ እናት ሁኔታ ባልታወቀ ነበር።

ሌላው፣ ምናልባትም ከበዱ፣ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ጉብሬ በሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም፣ ማርክ የሚሰጠው መምህር ራሱ ተመራማሪ ሲሆን ተማሪው «አልሳተፍም» ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ እምቢ ማለት ውጤቱን እንደማይነካው አስቀድሞ ሊነገረው፣ ከተቻለም ፈቃዱን ማርክ የማይሰጥ ሌላ ሰው ሊጠይቀው ይገባል።

ለአርሶ አደሩ የሚሠራ ሶፍትዌር ደግሞ ሁለት ፈተና አለበት። ኮዱ ስህተት እንዳለበት ተማሪ ሊመረምር ይችላል። እንደ 8028 ባለ የግብርና መረጃ የስልክ መስመር ላይ የሚሰማው መልእክት ገብቶ እንደሆነ ግን የሚታወቀው ስልኩን በያዘው አርሶ አደር ነው።