የሕፃናት እህልና የሻጋታ መርዝ ፈጣን ምርመራ

በአዊ ዞን ደጋው እንጅባራ ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ወረድ ሲሉ ዳንግላ በቆሎ፣ ጤፍና ዳጉሳ ይታፈሳል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን የሚቀምሰው አጥሚትና ገንፎም ከዚሁ ማሳ የሚወጣ ነው። ክረምቱ በሚረዝምበት በዚህ አገር፣ በቅጡ ሳይደርቅ ጎተራ የገባ በቆሎ ይሻግታል። እሳት ሻጋታውን ይገድላል፤ ሻጋታው የተወውን መርዝ ግን እምብዛም አይነካውም።

ከመርዞቹ የከፋው አፍላቶክሲን ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የተርኪ ጫጩቶች በተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ካለቁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ የሻገተ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125ቱን ገደለ። እኛም ዘንድ ምልክቱ አለ። አዲስ አበባ ዙሪያ ከተመረመሩ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓን የአፍላቶክሲን ወሰን፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራምን፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ በዋናነት የተጠረጠረው ለላሞች መኖ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። በአማራና በትግራይ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ካሉ 200 ሕፃናት ደግሞ በ17 በመቶዎቹ ሽንት ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኝቷል።

ትክክለኛውን መጠን የሚለዩት የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ውድ ናቸው፤ የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ መብራትም ይፈልጋሉ። ፈጣኑ የመመርመሪያ ወረቀት (ስትሪፕ) ግን ወፍጮ ቤት ድረስ ይሄዳል። የተፈጨው እህል አልኮል ባለበት ውሃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፣ ስትሪፑ ይነከርበታል፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ይታያል። አነባበቡ ከእርግዝና መመርመሪያ ተቃራኒ ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻል፦ መርዙ ሲበዛ የምርመራው መስመር ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል።

አውሮፓ ለሕፃናት የእህል ምግብ የፈቀደው የአፍላቶክሲን ቢ1 መጠን በኪሎ 0.1 ማይክሮግራም ነው። የተለመዱት የእህል ስትሪፖች ግን በኪሎ ከሁለት እስከ አምስት ማይክሮግራም አካባቢ ካልደረሰ አያዩም። ስለዚህ ስትሪፕ ያለፈ ዱቄት ሁሉ «ለሕፃን ደኅና ነው» ማለት አይቻልም። እኔ የምደግፈው ስትሪፑን ቀድሞ፣ እህሉ ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን በር ላይ መጠቀምን ነው፤ የከፋውን ጆንያ እዚያው ያስቀራል። የታሸገ የሕፃን ምግብ ግን ከላቦራቶሪ ማምለጥ የለበትም።

የናሙና አወሳሰድም ብዙ ያሳስበኛል። መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ስለሚከማች፣ ከጆንያ አፍ የተዘገነ አንድ እፍኝ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የቀረው እህል የተበከለ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከሥርም፣ ብዙ ኪሎ ወስዶ አንድ ላይ ፈጭቶ መቀላቀል ያስፈልጋል። በምርመራው የወደቀው እህል የት እንደሚሄድም አስቀድሞ ይወሰን፤ ለላም መኖ ከተሸጠ መርዙ ተለውጦ በወተቷ ይወጣልና።