የጡረታዬ ጓደኛ

የአሜሪካ ጥቁሮች ሐዘናቸውን የሚያዜሙበት ብሉዝ አላቸው፤ እኛም ትዝታ አለን። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶቻችን ለናፍቆት የሚቀርበው እሱ ነው። አምስት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው አርቲስት አስናቀች ወርቁ በክራር ስትጫወታቸው ግን ልብ ይነካሉ።

እኔ በነርስነት ዘመኔ የሰው ሕመም ሳዳምጥ ኖሬ፣ ክራር የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አቃቂ ቃሊቲ ባለው ቤቴ ነው። ባለቤቴ በሞት ከተለየኝ ወዲህ ማታ ማታ ሁለት ስንኝ እጽፋለሁ፤ ቤት ሲመታልኝ ክራሬን ቃኝቼ አዜመዋለሁ። «እማዬ፣ ሐዘንሽን አትቀስቅሺው» ትለኝ የነበረችው ልጄ፣ ዛሬ አባቷን የሚያነሳውን ስንኝ ድገሚልኝ ትላለች፤ በለቅሶው ሰሞን ያልተነጋገርነውን ያኔ እናወራለን።

ሐዘን እንቅልፍና ምግብ ከነሳ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሌላውን ግን አውጥቶ ማዜም ያቀላል።