የስርዓተ ክወና መመሪያ መጽሐፍ

የስርዓተ ክወና መመሪያ መጽሐፍ የኮምፒውተርን ስርዓተ ክወና ለተጠቃሚው በሚመች መልኩ ለማስተካከል፣ ሲበላሽም መንስኤውን ፈልጎ ለመጠገን የሚረዳ መጽሐፍ ነው። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆን የአማርኛ ጽሕፈትን፣ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠርና የደጋ አካባቢዎችን ሁኔታ እምብዛም አያነሱም። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ላለ ተጠቃሚ ግን ዋናዎቹ ጉዳዮች እነዚህ ናቸው።

ታሪክ

ከቀደምት መመሪያዎች አንዱ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪዎች ያዘጋጁት የዩኒክስ መመሪያ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱን ገጽ የሚሰጠው አደረጃጀቱ እስካሁን በሊኑክስ ውስጥ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የዳን ጉኪን «ዶስ ፎር ደሚስ» ሙያተኛ ላልሆነ አንባቢ የሚጻፉ መመሪያዎችን አስፋፋ። ኩባንያዎች የታተመ መመሪያ ከሶፍትዌሩ ጋር መስጠት እየተዉ ሲመጡ ደግሞ ዴቪድ ፖግ እ.ኤ.አ. በ1999 «ሚሲንግ ማኑዋል» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ።

የአማርኛ ጽሕፈት

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ይታያሉ። ይህ የቫይረስ ምልክት አይደለም፤ ፋይሉም አልተበላሸም። መፍትሔው የተጻፈበትን ፎንት መጫን፣ ቀጥሎም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ግን ጽሑፉ በዩኒኮድ የተጻፈ ሆኖ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት አጥቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለ ፎንት ይዞ መጥቷል። በዊንዶውስ 10 ይህ ፎንት በምርጫ የሚጫን ሲሆን «ኢብሪማ» ግን አብሮ ይገኛል። በሊኑክስ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» በነጻ ይጫናሉ።

ሰዓትና ቀን

ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ይህን ለማግኘት «ናይሮቢ» የሚለው ይመረጣል፤ በሊኑክስ «አዲስ አበባ» የሚል ራሱን የቻለ ምርጫ አለ። ኮምፒውተሩ 9:00 ሲያሳይ በአገሩ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት የተለመደ ስህተት ነው። ኮምፒውተሩ ከ7 እስከ 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና እንዳልጸና ይቆጥረዋል፤ ኢንተርኔት እያለ ገጾቹ እምቢ ይላሉ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክምም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ተመሳሳይ ችግር ይታያል። ይህን ለማስተካከል ስርዓተ ክወናውን እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ ባትሪዋን ቀይሮ ቀኑን ማስተካከል ይበቃል።

ብልሽት ሲያጋጥም

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ወዲያው «ፎርማት» ማድረግ በብዛት የሚታይ ልማድ ነው። ዲስኩ በዚህ ሲጸዳ ሌላ ቦታ ያልተቀዱ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብና የቤተሰብ ፎቶ አብረው ይጠፋሉ። ጥሩ መመሪያ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፦

1. ከሁሉ በፊት ፋይሎቹን መቅዳት። ዊንዶውስ ካልተነሳ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ገብቶ መቅዳት ይቻላል።
2. የስህተት መልእክቱን ቃል በቃል መጻፍ።
3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፤ ካልሠራ ወደ ነበረበት መመለስ።
4. ጥቂት ፕሮግራሞችን ብቻ በሚያስነሳው የጥንቃቄ ስልት መሞከር።
5. ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ እንደገና መጫን።

ዲስኩ የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ የዲስክ መፈተሻ ማስኬድ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ፋይሎቹን መቅዳት ይቀድማል።

ከፍታና ሃርድ ዲስክ

በተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች የሥራ ከፍታውን እስከ 3,048 ሜትር ይወስናሉ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ከወሰኑ ብዙም አትርቅም፤ በፓርኩ ውስጥ ያሉት ሳንቃበር (3,250 ሜትር ያህል) እና ጨነቅ (ከ3,600 ሜትር በላይ) ከወሰኑ ያልፋሉ። ወደዚያ ለሚወጣ ላፕቶፕ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው «ኤስኤስዲ» የተሻለ ነው።

የመመሪያ አመራረጥ

መመሪያ ከስርዓተ ክወናው እትም ጋር መመሳሰል አለበት። ለዊንዶውስ 7 የተጻፈ መጽሐፍ በዊንዶውስ 11 ላይ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል በውስጡ የተቀመጠው መመሪያ ስለማይከፈት፣ ዋና ዋናዎቹን ገጾች አትሞ ወይም በስልክ ላይ አውርዶ መያዝ ይመከራል።