አውሮፕላን ሰማይ ላይ ዳር ይዞ አይቆምም፦ ለጀማሪ የአውሮፕላን መካኒኮች



ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የተሰደድን ብዙዎቻችን ድንበሩን የተሻገርነው በሞያሌ ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀበት ወቅት በዚያ ያለፉ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የመጡም አሉ። በከተማይቱ ጥቂት ቀን የሰነበተ ሰው የጋራዥ ሠራተኞቿን ብልሃት ሳያይ አይቀርም። የጭነት መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ ሲመጣ መካኒኩ እንጨት ደግፎ በሽቦ ይጠፍረውና ሾፌሩን "እስከ ማርሳቢት ያደርስሃል፤ ቀስ ብለህ ንዳ" ብሎ ይሸኘዋል። ጓርኒሲዮን ቢጠፋ ከካርቶን ይቆርጣል፤ ዳዶ ቢጠፋ ከቆመ መኪና ላይ ይፈታል።

ይህ ብልሃት ከችግር የተወለደ ዕውቀት ስለሆነ በመሬት ላይ ያስመሰግናል። በአውሮፕላን ሥራ ግን ይኸው ብልሃት ሰው ይጨርሳል። መኪና ቢበላሽ ሾፌሩ ዳር ይይዛል፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ረዳቱን ወደ ከተማ ይልካል። አውሮፕላን ግን ሰማይ ላይ ዳር ይዞ አይቆምም። የአውሮፕላን ጥገና ደንብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በመጠለያ ጣቢያዎች የመኪና መካኒክነት፣ የብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሙያ ከሚማሩ ወጣቶች መካከል ስለ አውሮፕላን ጥገና ማወቅ የሚፈልጉ አሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእነሱ የተዘጋጀ ነው። ማንንም በአንድ ቀን መካኒክ አያደርግም፤ ነገር ግን የሙያው መሠረት ምን እንደሆነና ከዛሬ ጀምሮ ምን መልመድ እንደሚገባ ያመለክታል። መድኃኒት ወይም ሕመምተኛ የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍና ስትነሣ ለሚመለከት ሌላ አንባቢም ከበስተጀርባዋ ያለውን ሥራ ያሳውቃል።

ሙያው በአገራችን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የዲሲ-3 ዓይነት ነበሩ። በመጀመሪያ አብራሪዎቹም ሆኑ መካኒኮቹ በአብዛኛው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን አጠገባቸው ቆመው፣ መሣሪያ እያቀበሉ፣ መመሪያ እያነበቡ ተማሩ። ከዓመታት በኋላ የቦሌ የጥገና ክፍል የራሱን አውሮፕላኖች ብቻ ሳይሆን የሌሎች አየር መንገዶችንም የሚጠግን፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችንም የሚያሠለጥን ሆነ። ስለዚህ ሙያው ለእኛ ባዕድ አይደለም። የሚጠይቀው ልዩ ተሰጥዎ ሳይሆን ልዩ ጠባይ ነው። ይህንን ጠባይ በአራት ነጥቦች ከፍለን እንመልከት።

1ኛ) ዞሮ ማየት

አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት በዙሪያው ተሂዶ ይታያል። የሚጀመረው ከአንድ ቦታ ነው፤ የሚጨረሰውም እዚያው ቦታ ተደርሶ ነው። መሐል ላይ ሰው ጠርቶ ካቋረጣችሁ ከመጀመሪያው እንደገና ትጀምራላችሁ። "የት ደርሼ ነበር?" ብሎ መገመት አይፈቀድም። ከሚታዩት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ነዳጅ፦ በሰሜን ኬንያ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ታንኩ ሙሉ ካልሆነ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከታንኩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በንጹሕ ብርጭቆ ይቀዳል። ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። ብርጭቆው በሙሉ ውኃ ከሆነ ግን የሚለይ ነገር ስለሌለ ዐይን ይታለላል፤ ስለዚህ ቀለሙም ሽታውም ይመረመራል። በትንንሽ የፒስተን ሞተሮች ውስጥ በብዛት የሚገባው የአቪየሽን ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ የጄት ነዳጅ ቀለም የለውም ወይም ገለባ ይመስላል። ሴስና ካራቫን የተባለችው በአካባቢያችን የምትታወቅ አውሮፕላን ፕሮፔለር ቢኖራትም ሞተሯ ተርባይን ስለሆነ የምትጠጣው የጄት ነዳጅ ነው። ለፒስተን ሞተር የጄት ነዳጅ የሞላ ሰው ግን አውሮፕላኑን ከተነሣ በኋላ ሊያወድቀው ይችላል።

ለ. ፕሮፔለር፦ በጠጠር ሜዳ ላይ የሚነሣ አውሮፕላን ድንጋይ ወደ ፕሮፔለሩ ይስባል። ጠጠሩ በስለቱ ላይ ትንሽ ጭረት ይተዋል። ፕሮፔለር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ያህል ስለሚሽከረከር ኃይሉ ሁሉ ጭረቷ ላይ ይሰበሰባል፤ ጭረቷ ስንጥቅ ትሆናለች፤ ስንጥቁ አድጎ ስለቱን ሊገነጥለው ይችላል። ለዚህ ነው በዐይን ብቻ ሳይሆን በጣትም እየዳሰሱ የሚፈትሹት። ጭረት ሲገኝ ሠልጣኙ ሞረድ አያነሣም፤ ለኃላፊው ያሳያል።

ሐ. የአየር ቀዳዳዎች፦ አብራሪው ከፍታውንና ፍጥነቱን የሚያውቀው በአውሮፕላኑ አካል ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎችና ቱቦዎች በሚገባው አየር አማካይነት ነው። ተርብ ጭቃ ይሠራባቸዋል፤ አቧራ ይደፍናቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ደፍኖ የረሳቸው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1996 በፔሩ አንድ ቦይንግ 757 ታጥቦ ሲጸዳ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሣ ቀረ። አውሮፕላኑ በሌሊት ተነሣ፤ መሣሪያዎቹ የተሳሳተ ከፍታና ፍጥነት ያሳዩ ጀመር፤ አብራሪዎቹ የት እንዳሉ ሳያውቁ ባሕር ውስጥ ገቡ። 70 ሰዎች ሞቱ። ፕላስተሩን የለጠፈ፣ ሥራውን ተቆጣጠረ የተባለ፣ በዙሪያው ዞሮ ያየ፣ ሁሉም በየተራቸው አልፈውታል።

2ኛ) የታዘዘውን ዕቃ ብቻ መግጠም

የአውሮፕላን እያንዳንዱ ቡሎን የራሱ ቁጥር አለው። ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የብረቱ ዓይነት፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ጭምር በመመሪያው ተጽፏል። የጥብቀቱ መጠን በእጅ ግምት ሳይሆን በሚለካ መፍቻ ይወሰናል፤ ቢላላ ይፈታል፣ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ይበጠሳል። በጋራዥ የምናውቀው "ይመስላል፣ ግጠመው" የሚባል ነገር እዚህ የለም።

ምሳሌውን ከእንግሊዝ አገር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ወደ 5,300 ሜትር ከፍታ ሲደርስ የአብራሪው የፊት መስታወት ተገንጥሎ ወጣ። ዋናው አብራሪ ከወገቡ በላይ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመዘዘ። የበረራ አስተናጋጆች እግሩን ጨብጠው ያዙት፤ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን በሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። አብራሪው ተረፈ፤ የሞተም ሰው አልነበረም።

ምክንያቱ ምን ነበር? መስታወቱ በቅርቡ በሌሊት ተለውጦ ነበር። ከ90ዎቹ ቡሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው በ0.66 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር። ለዋጩ ጀማሪ አልነበረም፤ ልምድ ያለው ኃላፊ ነበር። ሆኖም የዕቃውን ቁጥር ከመዝገቡ ከማየት ይልቅ አሮጌውን ቡሎን ይዞ በዐይኑና በእጁ አመሳሰለ። ሌሊት ነበር፤ ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድም ሌላ ሰው አላየለትም። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት በጣት ሲነካ አይታወቅም፤ 5,300 ሜትር ላይ ግን ታወቀ።

3ኛ) መሣሪያን መቁጠር

ሥራ ሲጀመር ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መፍቻው፣ የመጥረጊያው ጨርቅ ሳይቀር ይቆጠራል፤ ሲያልቅም ይቆጠራል። በደንብ በተደራጀ የጥገና ክፍል እያንዳንዱ መሣሪያ በሰሌዳ ላይ ቅርጹ የተሣለበት የራሱ ቦታ አለው፤ የጎደለው ወዲያው ይታያል። አንድ መሣሪያ ከጠፋ እስኪገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይነሣም። ተሳፋሪው ቢቆጣም፣ ኃላፊው ቢቸኩልም አይነሣም።

ሞተር የሳበውን ሁሉ እንደሚውጥ ያገራችን ሰው በመራራ መንገድ ያውቀዋል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸውን አጡ። ርግብን መካኒክ አይከለክልም። የተረሳ መፍቻ፣ የወደቀ ሮንዴላ፣ የተጣለ ጨርቅ ግን በመካኒኩ እጅ ናቸው።

4ኛ) መጻፍና መፈረም

በዚህ ሙያ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደተለወጠ፣ በየትኛው መመሪያ እንደተሠራ፣ መቼና በማን እንደተሠራ በአውሮፕላኑ መዝገብ ይጻፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ተረኛ የእናንተን ልብ አያውቅም፤ የሚያውቀው የጻፋችሁትን ብቻ ነው። በግማሽ የቀረ ሥራ ከሆነም በግማሽ መቅረቱ ይጻፋል።

ፊርማ ማለት "ይህንን ራሴ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሰዎች ይሳፈሩበት" ማለት ነው። ስለሆነም ያላዩትን አይቻለሁ ብሎ መፈረም ከስንፍና ያለፈ ወንጀል ነው። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው ስሕተትን መናገር ነው። "ያን ቡሎን በትክክል ማጥበቄን እርግጠኛ አይደለሁም" ማለት ያሳፍራል። ሥልጠናውን በስንት ልፋት ያገኘ ስደተኛ ደግሞ "ቦታዬን አጣለሁ" ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባናል። ነገር ግን በአውሮፕላን ጥገና መሬት ላይ የተነገረ ስሕተት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያልተነገረ ስሕተት ሰማይ ላይ ይገለጣል። ጥሩ አሠልጣኝም ስሕተቱን የሚናገረውን ተማሪ ያቀርበዋል እንጂ አያባርረውም።

ራስን ስለ መጠበቅ

የቆመ ፕሮፔለር እንደሚንቀሳቀስ ተቆጥሮ ይታለፋል። የፒስተን ሞተር ቁልፉ ተዘግቶ እንኳ ፕሮፔለሩን በእጅ ሲያዞሩት ሊነሣ ይችላል፤ ብዙዎች እጃቸውን፣ አንዳንዶችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ነዳጅ ከመሞላቱ በፊት አውሮፕላኑና የነዳጁ ዕቃ በሽቦ ይገናኛሉ፤ አለዚያ ከሰበቃ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሲጋራ በአካባቢው ፈጽሞ አይፈቀድም። ልጆች ወደ ማረፊያው ሜዳ እንዳይገቡ መከልከል ደግሞ የወላጆችም ሥራ ነው።

ለሠልጣኞች የምንሰጠው ምክር

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የ4 ዓመት የሥራ ልምድ፣ ወይም የታወቀ ሥልጠና ከጨረሰ የ2 ዓመት ልምድ ይጠየቃል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወጪም አለው። ለስደተኛ ደግሞ የመታወቂያና የመንቀሳቀሻ ወረቀት ጉዳይ ይጨመርበታል። ይህንን ሳንደብቅ እንናገራለን፤ የሐሰት የምስክር ወረቀት እንሸጥላችኋለን የሚሉ ሰዎችም ስላሉ አደራ እንላለን። በሐሰት ወረቀት የሚገኝ ሥራ የሰው ነፍስ ያለበት ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን እጃችሁ ባለው ሙያ የአውሮፕላን መካኒክን ጠባይ መልመድ ትችላላችሁ። የውኃ ፓምፕ ስትጠግኑ፣ ጄኔሬተር ስትፈቱ፣ የመኪና ፍሬን ስትሠሩ መሣሪያችሁን ቁጠሩ። መመሪያ ካለ አንብቡ፤ ለዚህም የቴክኒክ እንግሊዝኛ ተማሩ። አንድ ደብተር ግዙና የሠራችሁትን ሁሉ ከነቀኑ ጻፉበት፤ አሠልጣኛችሁንም በየሥራው አስፈርሙ። መኖሪያችሁ ነገ የት እንደሚሆን አይታወቅም፤ የተፈረመበት ደብተር ግን አብሯችሁ ይሄዳል፤ እጃችሁ ምን እንደሚችልም ይመሰክርላችኋል።

ለዛሬው በዚሁ እናበቃለን። ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን ጽፋችሁ በማኅበረሰብ ጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ብትጨምሩ በሚቀጥለው እትም መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ቸር ያሰንብተን።